ሶፋው ሳይገባ ቡናው ይፈላ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አጋሮ ሲሆን ጅማ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የተጣራ ደመወዜ 10,200 ብር ነው። ቆጪ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል በ3,500 ተከራይቻለሁ። ለእናቴ በየወሩ 1,500 እልካለሁ፤ ለምግብ 3,000፣ ለባጃጅ 800 ያህል ይወጣል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዱቤ ያመጣችልኝን ጫማና ቦርሳም በወር 1,000 እየከፈልኩ ነው፤ ገና 4,000 ይቀረኛል።

መሥሪያ ቤቴ ፈረንጅ አራዳ በኩል ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ዘናጮች ናቸው። እኔም መዘነጥ እወዳለሁ፤ ቅናት እንዳይመስልብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት ማሳመር ደስ ይለኛል። የእኔ ቤት ግን ያሳፍራል። ጭቃ ቤት ነው፣ 3 በ4 ቢሆን ነው። አንድ አልጋና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው ያለኝ። ግድግዳው ከታች ርሷል፤ ልብሴ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አከራዬ ሚስማር መምታት አትፈቅድም።

አንድ ቀን የት እንደምኖር ሲጠይቁኝ ደንግጬ "አክስቴ ጋ" አልኳቸው። አክስት የለኝም። ከዚያ ወዲህ አብረን ባጃጅ ስንሳፈር ሰፈሬ ሳይደርስ እወርዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ እየተጠራራን ቡና እንጠጣለን፤ የእኔ ተራ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለቴም ሰበብ ፈጠርኩ። አሁን በወር 3,000 የሚጣልበት የ12 ሰው እቁብ ሊጀመር ነው። ገብቼ ዕጣው ሲደርሰኝ በ36,000ው ሶፋ ልገዛ አስቤያለሁ፤ እስከዚያ ለእናቴ የምልከውን ልቀንስ። ሳስበው ግን ይከብደኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰ. ነኝ፣ ከጅማ

መልስ

ውድ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ "አክስት የለኝም" የሚለው ቦታ ላይ ቆምኩ። ለሶፋውም፣ ለእቁቡም፣ ለግድግዳውም መላ አለው፤ ከሥራ ወጥቶ ቤት እስኪደርሱ መሳቀቅ ግን ሰውን ውስጥ ውስጡን ያደክማል። በራስሽ ደመወዝ ቤት ተከራይተሽ፣ እናትሽን እየረዳሽ መኖርሽ የሚያስከብርሽ ነገር ነበር፤ ይሉኝታ መደበቂያ አደረገብሽ። መዘነጥ መውደድሽን እንደ ጥፋት አትቁጠሪው። እኔም ተዪው አልልሽም።

አስቀድመን ሒሳቡን እንጨርስ። የጻፍሽልኝን ወጪ ስደምረው 9,800 ይመጣል፤ በእጅሽ የሚቀረው 400 ነው። 3,000 እቁብ ስትጨምሪበት በየወሩ 2,600 ይጎድልሻል። ለእናትሽ የምትልኪውን "ልቀንስ" ብለሻል፤ ጭራሽ ብትተዪው እንኳን 1,100 ይጎድላል። የጫማና የቦርሳው ዕዳ ካለቀ በኋላም 100 ብር ይጎድላል፤ ያውም ሳሙና፣ የስልክ ካርድና ድንገተኛ ሕመም ሳይቆጠር። ዕጣው መጀመሪያ ላይ ቢደርስሽ ደግሞ ሶፋውን ይዘሽ እስከ መጨረሻው መጣል ይኖርብሻል። አንድ ወር ካቃተሽ ዋስሽ ይጠየቃል፤ ዋስሽ የሚሆነው ደግሞ ያው የመሥሪያ ቤትሽ ሰው ነው። አሁን የምትሸሺው ኀፍረት ያን ጊዜ በባሰ መንገድ ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ዙር አትግቢ የሚለው ምክሬ ነው፤ ውሳኔው ያንቺ ነው።

ሶፋውንም እስቲ በሜትር እንየው። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ርዝመቱ 2 ሜትር አካባቢ፣ ወርዱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ክፍልሽ 3 በ4 ሆኖ አልጋ ገብቶበታል፤ ጠረጴዛም ቢጨመር እንግዳሽ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ አያገኝም። የበርሽ ስፋት ስንት ነው? ብዙ የግቢ ክፍሎች በራቸው ጠባብ ስለሆነ ተገዝቶ በረንዳ ላይ የሚቀር ሶፋ አለ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን እርጥበቱ ነው። ጀርባው የራሰ ግድግዳ ላይ የተጠጋ ሶፋ ከውጭ ሳይታወቅ ስፖንጁ ይሻግታል፣ የተጨመቀ እንጨት ከሆነ ደግሞ ያብጣል። 36,000 ብር ለሻጋታ አታብዪው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ለብቻሽ ሆነሽ፣ ማታ ከሥራ ስትመለሺ፣ ያ ክፍል ምን ቢኖረው ነው ደስ የሚልሽ? ሶፋ ነው ወይስ ሽታው መጥፋቱ፣ መብራቱ፣ መቀመጫው?

እኔ ብሆን ከእርጥበቱ እጀምራለሁ፤ ልብስሽንም ቤትሽንም እያበላሸ ያለው እሱ ነውና። ጅማ ዝናቡ ክረምትን ብቻ ጠብቆ አይመጣም፤ ጭቃ ቤት ደግሞ ውኃ የሚጠጣው ከእግሩ ነው። ዝናብ ሲያባራ ወጥተሽ ከግድግዳሽ ጀርባ ተመልከቺ። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ግድግዳውን ይረጨዋል? አፈሩ ተከምሮ ከቤትሽ ወለል በላይ ሆኗል? ከሆነ ውስጡን አሥር ጊዜ ብትቀቢው ያው ነው። አፈሩን ከግድግዳው ማራቅና ውኃው ወደ ውጭ የሚሄድበት ትንሽ ቦይ መቆፈር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አከራይሽን "ግድግዳዎ እየተበላ ነው፣ ቦዩን እኔ ላስቆፍር?" ብለሽ ብትጠይቂያት የምትጠላ አይመስለኝም፤ ቤቱ የራሷ ነው።

ከውስጥ በኩል አልጋውንም ልብስ የምታስቀምጪበትንም ከግድግዳው አንድ ጫማ ያህል ካልሆነ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አርቂው፤ አየር ካላለፈበት ሁሌም ይሻግታል። የታጠበ ልብስ ክፍል ውስጥ አትስጪ፤ ከአንድ ገመድ ልብስ ላይ የሚተነው ውኃ ከሊትር ያልፋል፣ ሄዶ ግድግዳሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ፀሐይ በወጣች ሰዓት፣ በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ በርና መስኮቱን አንድ ላይ ክፈቺ። ሥራ ላይ ስለምትሆኚ ቅዳሜና እሑድን ተጠቀሚበት።

ሻጋታው ያለበትን ቦታ በደረቁ አትጥረጊው፤ ብናኙ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል፣ ሳንባም ይገባል። አፍና አፍንጫሽን በጨርቅ ሸፍነሽ፣ ውኃ ያልተጨመረበት አቼቶ በስፖንጅ ቀቢው፣ አንድ ሰዓት ተዪው፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ አድርቂው። አቼቶና በረኪናን አንድ ላይ እንዳትቀላቅይ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ከደረቀ በኋላ ኖራ ቀቢው። ለጭቃ ግድግዳ ከዘይት ቀለም ኖራ ይሻላል። የዘይት ቀለም እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና በወራት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ ኖራ ግን ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል፣ ሻጋታም አይወደውም። ከአልጋው ጀርባ ያለችውን 4 ሜትር ግድግዳ ብቻ ለመቀባት 2 ኪሎ የተፈጨ ኖራ በ4 ሊትር ውኃ ይበቃል። ኖራውን ውኃው ላይ ጨምሪ እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አትጨምሪ፤ አንድ እፍኝ ጨው አድርጊበትና እንደ ወተት እስኪቀጥን አማስይው። አንድ ሌሊት ያድር። ግድግዳውን ከመቀባትሽ በፊት ውኃ አርከፍክፊበት፤ ደረቅ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ እጅ ላይ ይቀራል። ቀጭን አድርገሽ ሁለት ጊዜ ቀቢ፣ በመካከል አንድ ቀን አሳልፊ። ሲቀባ ውኃ መስሎ ስለሚታይ ሰው ይደነግጥና ያወፍረዋል፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፣ ያወፈርሽው ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ጓንትና መነጽር ይኑርሽ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ነው የሚታጠበው። ግድግዳው አሁን የዘይት ቀለም ካለበት ኖራው አይዝም፤ መጀመሪያ ተፍቆ መነሳት አለበት።

የሚስማሩን ነገር አከራይሽ ዝም ብላ አልከለከለችም። ጭቃው ላይ የተመታ ሚስማር ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ግን ግድግዳውን በጣትሽ መታ መታ ስታደርጊው ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ቋሚ እንጨት አለ ማለት ነው። ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚም እንጨት ነው። "እንጨቱ ላይ ብቻ ሦስት ሚስማር፣ ስወጣ ቀዳዳውን ደፍኜ" ብለሽ ለምኛት። በሦስቱ ሚስማር መጋረጃሽን ስቀይ።

መጋረጃው ከመስኮቱ ልክ ሳይሆን ከላይ ከአግዳሚው ጀምሮ እስከ ወለሉ ጥግ ይውረድ፤ በግራና ቀኝም ከመስኮቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ትንሿ መስኮት ትልቅ ትመስላለች፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ይመስላል። ለዚህ አቡጀዲ በቂ ነው፤ ውድ የመጋረጃ ጨርቅ አያስፈልግሽም። መስኮትሽ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ ዘንጉ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል፣ ጨርቁ ደግሞ እጥፍጥፍ ብሎ እንዲወርድ የዘንጉን አንድ ተኩል እጥፍ ይፈልጋል። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ካገኘሽ ሦስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ60፣ በድምሩ 8 ሜትር ግዢ። ሳትሰፊው በፊት ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊውና አድርቂው። አቡጀዲ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ ሰፍተሽ ከሰቀልሽው በኋላ ብታጥቢው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀራል።

አምፖሉን ቀይሪ። በመሃል የተንጠለጠለ ነጭ አምፖል የግድግዳውን እድፍ ሁሉ ያጎላል፣ የሰውንም ፊት ያገረጣል። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 የሚል ኤልኢዲ ጠይቂ፤ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። 9 ዋቱ የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። በዚህ ወር ከቀረሽ 400 ብር መጀመሪያ የምትገዢው ይህን ይሁን።

ስለ መቀመጫ። አልጋሽን ረጅሙን ግድግዳ ይዞ እንዲቆም አድርጊው፤ ቀን ቀን ጋቢ ወይም ወፍራም አንድ ቀለም አልጋ ልብስ ጥብቅ አድርገሽ አልብሺው፣ ከጀርባው ሦስት ትላልቅ ትራሶች ደርድሪ። ሦስት ሰው ይቀመጥበታል። የትራሱን ልብስ ከአልጋው ልብስ ሌላ ቀለም አድርጊው እንጂ አበባ በአበባ ላይ አትጨምሪ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓይን ያደክማል። ሌላውን ደግሞ ከተማሽ ሰጥታሻለች፤ ከሌላ ሀገር የሚመጣ ሰው ፈልጎ የሚገዛው የጅማ በርጩማ እዚያው ደጅሽ ነው የሚፈለፈለው። ከአንድ ግንድ የወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ጎርበጥ ቢልም አይነቃነቅም፤ ሦስት እግር ሁልጊዜ መሬት ይይዛል። ስትገዢ በእጅሽ መዝኚው። ከመጠኑ በላይ ከከበደ እንጨቱ አልደረቀም፣ ቤትሽ ገብቶ ይሰነጠቃል። መቀመጫውን ገልብጠሽ ከሥሩ ስንጥቅ በቀለም ወይም በሰም የተደፈነ መሆኑን እዪ። ሁለት ቢኖርሽ ይበቃል፤ አንዱን በአንድ ወር፣ ሌላውን በሌላው። ቤት ብትቀይሪ በባጃጅ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

አሁን ወደ ልብሱ። ከቀለምና ከብራንድ በፊት የሚታየው ልክ ነው። ትከሻው ቦታው ላይ ያረፈ፣ ወገቡ የተያዘ፣ ርዝመቱ ከጫማው ጋር የተስማማ ልብስ ሳልቫጅ ይሁን ቡቲክ ማንም አይለይም። ስለዚህ ለልብስ ብለሽ ከምታወጪው ላይ ሲሶውን ለልብስ ሰፊ አስቀምጪ። እዚያው ጅማ መርካቶ ስትሄጂ ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ሂጂ፣ ሐሙስ ገበያው ስለሚሞላ ምርጫ አለ ግን ግፊያም አለ። ያነሳሽውን ልብስ ወደ ብርሃን ዘርግተሽ ብብቱን፣ የአንገቱን እጥፋት፣ ሱሪ ከሆነ የጭኑን መገጣጠሚያ እዪ፤ የሳሳ ጨርቅ እዚያ ነው የሚታወቀው። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ከዚያ የትከሻውን ስፌት ከትከሻሽ አጥንት ጋር አስተያዪ። ትከሻው ከሰፋ ወይም ከጠበበ ተዪው፤ ማስተካከሉ ልብሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ስለሆነ ዋጋ የለውም። ወገብ፣ ጎንና ርዝመት ግን ቀላል ናቸው። የሚጠብሽ ሱሪ ከሆነ ደግሞ ውስጡን ገልብጠሽ ስፌቱ ጋ የተረፈ ጨርቅ ካለ እዪ፤ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ካለው ሊሰፋ ይችላል፣ ከሌለው አይችልም።

የጨርቁን ዓይነት ሻጩ የሚነግርሽን ከመቀበል ይልቅ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዘሽ ውጪ ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጅማ ዝናብ ቶሎ መድረቁ ጥሩ ነው፣ ግን ላብ ይይዛል፣ በጋለ ካውያም ይቀልጣል። ቤት ስታመጪው መጀመሪያ በፕላስቲክ ከረጢት አስረሽ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጪው፣ ከዚያ ጨርቁ የሚችለውን ያህል በሙቅ ውኃ እጠቢ፣ ስፌት ስፌቱን ተኩሺ። ቅማል የሚሸሸገው ስፌት ውስጥ ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄጂ ያንን ልብስ የምትለብሺበትን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፤ የሱሪን ርዝመት ያለ ጫማ መለካት ሁሌ ያሳጥራል። "አጥብበው" ብቻ አትበዪ። ለብሰሽው በመርፌ ቁልፍ አስይዢው፣ ተቀምጠሽ ተነሺ፣ ክንድሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ ጎትቶ ካልያዘሽ ያን ጊዜ ይስፋው። ከጠበበ በኋላ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስምና "ትርፉን አትቁረጠው፣ አጥፈህ ስፋው" በዪው።

ብዛቱን በተመለከተ ብዙ አያስፈልግሽም። እርስ በርስ የሚስማሙ ሦስት የታች ልብሶችና አራት የላይ ልብሶች 12 አለባበስ ይሰጡሻል፣ አንድ ጥሩ ጃኬት ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። ለታቹ ቡኒ ወይም የወይራ ቀለም ምረጪ፤ ቀይ አፈር አያሳይም።

ጭቃው ግን ሳይነካሽ አይቀርም። ሱሪሽን ሲረጭሽ እርጥቡን አትሺው፤ ወደ ጨርቁ ውስጥ ነው የምትከቺው። ይድረቅ፣ በብሩሽ አራግፊው፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጠቢ። ነጭ ጥጥ ላይ ቀዩ ምልክት ከቀረ ሎሚ ጨምቀሽ ጨው ነስንሰሽ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዪውና አለቅልቂው። በረኪና አታድርጊበት፤ የአፈሩ ቅላት የብረት ዝገት ስለሆነ በረኪና ያስለቅቀዋል ሲባል ያጠነክረዋል። ለመንገዱ ኮንጎ ጫማ አድርገሽ፣ ያን በዱቤ የገዛሽውን ጥሩ ጫማ በከረጢት ይዘሽ፣ መሥሪያ ቤት ስትደርሺ ቀይሪ። ከራሰብሽ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽበት ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። የተረከዙ ጎማ ማለቅ ሲጀምር ወዲያው ጫማ ሰፊ ጋ ውሰጂው፤ ጎማው አልቆ ተረከዙ ራሱ ከተበላ ሥራው ብዙ ነው።

የ"አክስቴ" ነገር ይቀረናል። ሁሉንም ሰብስበሽ መናዘዝ አያስፈልግም። ከመካከላቸው ልብሽ የሚያምናት አንዷ የለችም? ለእሷ ብቻ፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ "ያኔ አክስቴ ጋ ያልኳችሁ ቤቴ ስላሳፈረኝ ነው፤ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ነይ አሳይሽ" በያት። ምናልባት የሚገርማት ነገር ላይኖር ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ብዙ ነገር ገምቶ ዝም ይላል። አንዷ ከመጣች በኋላ የሌሎቹ ይቀልልሻል። ከሳቁብሽስ? ይህን ፍርሃትሽን አላቃልልም። ሰው ቤት ገብቶ በመቀመጫ የሚሳለቅ ጓደኛ ካለ ግን ሶፋው ቢኖርም ሌላ ይፈልጋል። ከእነሱ ውስጥ በደመወዝ ካንቺ የማይሻሉ፣ እንዳንቺው በዱቤ የሚለብሱ ስንት ናቸው? አስበሽው ታውቂያለሽ?

ስትጠሪያቸው አራት ሰው ይበቃል። አልጋው ላይ ሦስት፣ በርጩማው ላይ አንድ፣ አንቺ ረከቦቱ ጋ። በርጩማው ገና አንድ ከሆነ ለራስሽ ከጎረቤት ተዋሺ፤ ለቡና ዕቃ መዋስ ነውር አይደለም። አምስት ሆናችሁ ሦስቴ ለመጠጣት አንድ ሲኒ ተኩል ጥሬ ቡና፣ 70 ግራም ያህል ነው፣ በቂ ነው፤ ሲቆላ ወደ 60 ይወርዳል። ፈንዲሻና ቆሎ ይኑር፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ዕጣኑን አንድ ፍሬ ብቻ። ከሰሉን ውጪ አቀጣጥለሽ ጭሱ አልቆ ሲቀላ ወደ በሩ አስጠግተሽ አስገቢው፣ በርና መስኮቱ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁኑ። ጭስ የሌለው ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ፍሙን አውጪው እንጂ ለሙቀት ብለሽ አታሳድሪው።

እናትሽን በተመለከተ የልብሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። "ይከብደኛል" ያልሽው ግን መልሱን የያዘ ይመስለኛል። 1,500ው ባለበት ቢቆይ ጥሩ ነው። ይልቅ ችግርሽን ንገሪያት፤ ምናልባት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ከአጋሮ ጥቂት ኪሎ ጥሬ ቡና ልትልክልሽ ትችላለች። ለእሷ ደስታ ነው፣ አንቺም ቡና አትገዢም።

ለእቁቡ ሰብሳቢ ዛሬ ነገ ሳትዪ "በዚህ ዙር አልችልም፣ ከአራት ወር በኋላ አነስ ያለ ካለ አስገቢኝ" ብለሽ መልስ ስጫት። ባልደረባሽ ጋ ያለው ዕዳ እስኪያልቅ ሌላ ነገር በዱቤ አትውሰጂ። አራቱ ወር ሲያልቅ በየወሩ 1,400 ብር በእጅሽ ይኖራል፤ ግማሹን፣ 700 ብር፣ የ10 ሰው እቁብ ላይ ብትጥይው ዕጣሽ 7,000 ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ በየወሩ ለቤትና ለልብስ ይሁን። በ7,000ው ምን እንደምትገዢ አሁን አትወስኚ፤ ክፍሉ ከደረቀና ከነጣ በኋላ የሚጎድለውን ራሱ ያሳይሻል። ግድግዳው ላይ ያለው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ካልለየሽ ውኃ ጠብ አድርጊበት፤ ከመጠጠው ኖራ ይይዛል፣ እየተንከባለለ ከወረደ የዘይት ቀለም ነው። ውጤቱን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ዘይት ከሆነ አፋፋቁን እነግርሻለሁ።